ያልተፋሁት ደም

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ ይህን የማወራው ለእናንተ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ፣ መንቀያውን ከማንሳቱ በፊት ያለባችሁን ሁሉ ተናገሩ። ቢቆጣም ተናገሩ፤ "እዚህ አይሆንም፣ ሌላ ቦታ ሂዱ" ቢላችሁም ተናገሩ። እኔ ሦስተኛው ሐኪም ፊት ስቀመጥ ዋሸሁ። በሳምንቱ ደግሞ አፌ ደም ሲሞላ ዝም አልኩ። የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። ብትቆጡኝም ይገባኛል፤ እኔም ራሴን ስቆጣ ነው የከረምኩት።

ዝናሽ እባላለሁ፤ አርባ አራት ዓመቴ ነው። የምኖረው አምደወርቅ ነው፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት። በገበያ ቀን ከፊታችሁ ከሚያልፈው ቀሚስ ስንቱ ከኔ መኪና እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቀው። አፈኛ ናት ይሉኛል። ደንበኛ የቆሸሸ ሱሪ ለጥገና ሲያመጣ "መጀመሪያ እጠበው፣ እኔ ሰፊ እንጂ አጣቢ አይደለሁም" ብዬ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ያለች ምላሰኛ ሴት በዝምታ ልትሞት ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ባለቤቴ ፈንታሁን የመሥሪያ ቤት ጥበቃ ነው። በቁርባን ተጋብተን ሃያ ዓመት አልፎናል። ልጅ የለንም። እሱም በልቤ ምክንያት ነው፤ ካረገዝሽ አትተርፊም ብለው ከለከሉኝ።

የልቤ ነገር የጀመረው በድካም ነበር። ከወንዝ ውኃ ቀድቼ ዳገቱን ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አንዱ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሌላው ጨጓራ ነው አለኝ፤ በርበሬ ተውኩ። አንዱ ደግሞ አስም ነው ብሎ የሚነፋ ነገር ሰጠኝ። ሦስት ዓመት እንዲህ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ወልድያ ላይ አንድ ሸበቶ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠና "ልጅ ሳለሽ ጉሮሮሽን ቶሎ ቶሎ ያምሽ ነበር?" አለኝ። ያመኝ ነበር። ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! ያ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ ኖሮ የልቤን በር ጎድቶታል። በሩ ጠቧል፣ አመታቱም ተዛብቷል። ደሙ በጠበበው በር በኩል ቶሎ ስለማያልፍ እዚያው ቆሞ ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ተነስቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሰውነትን ያሽመደምዳል። ለዚህ ነው ዋርፋሪን የሚባለውን ክኒን ያዘዘልኝ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው።

ይህ ክኒን እንደሌላው መድኃኒት ውጦ መርሳት የለበትም። ደሙ በምን ያህል ጊዜ እንደሚረጋ በየወሩ ይለካል። የኔ ቁጥር ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ይረጋል፣ ከዚያ ከበዛ ደግሞ ትንሽ ጭረት እንኳ አልደርቅ ይላል። ቁጥሩ የሚጻፍበት ደብተር ተሰጠኝ። ለዓመታት በየወሩ ወልድያ ተመላለስኩ። ከዚያ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ወሩ ሁለት ወር ሆነ፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ክኒኑን ግን አንድ ቀን አላቋረጥኩም። ለዚህ ምክንያት አለኝ።

ወልድያ ወረፋ ስንጠብቅ ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት የላስታ ሴት ነበረች። ጨዋታዋ ሆድ ያስይዛል። ነርሷ ስም ስትጠራ እሷ ቀድማ "አቤት" ትልና የሰውን ሁሉ ወረፋ ታተራምሳለች። አንድ ጊዜ ጥርሷን ልትነቀል "አሥር ቀን መድኃኒቱን አቁሚ" እንዳሏት አጫወተችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሯን ይዞ የመጣው ወንድሟ ነው። ግማሽ ጎኗ አይንቀሳቀስም፣ አፏም ተይዟል አለን። ነርሷ ስሟን ስትጠራ አግዳሚው ላይ ያለነው ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

እንግዲህ አምና በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሲነሳብኝ በሆዴ ያለው ይህ ፍርሃት ነው። ቅርንፉድ ነከስኩ፤ አልተወኝም። ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ሊደፍነው ደረሰ። ደንበኛ "ምነው ዝናሽ፣ ኳስ ጎረስሽ?" እያለ ይቀልድብኛል፣ እኔ መልስ የምሰጥበት አፍ የለኝም። ሰቆጣ ወረድኩ። የመጀመሪያው ቦታ ያለብኝን ሁሉ ተናገርኩ። "የልብ ታማሚ አንነካም፣ ሪፈር ሂጂ" ብለው ከበር መለሱኝ። ሁለተኛው ቦታም ተናገርኩ። ሰውዬው ደብተሬን ሳይገልጥ "ክኒኑን አሥር ቀን አቁመሽ ተመለሽ" አለኝ። የላስታዋ ሴት ፊቴ ድቅን አለች። እሺ ብዬ ወጣሁና አልተመለስኩም።

ሌላ ሁለት ሳምንት በሕመም ተቃጠልኩ። ከመኪናዬ ላይ ክር መሰካት አቃተኝ፤ መርፌዋ ሁለት ሆና ትታየኛለች። ፈንታሁን "እንሂድ፣ ወልድያም ሆነ ደሴ እንሂድ" ይለኛል። እኔ ለፋሲካ የወሰድኩት የሰው ጨርቅ ቤቱን ሞልቶታል፤ "ሰው ለበዓል ራቁቱን ይቅር እንዴ?" ብዬ ጮኽኩበት። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ለብቻዬ ሰቆጣ ሄጄ ሦስተኛ ክሊኒክ ገባሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። "ስኳር አለብሽ?" አለኝ። የለብኝም። "ግፊት?" የለብኝም። "ነፍሰ ጡር ነሽ?" እሱስ በሆነ! "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

"ምንም" አልኩት።

የዋርፋሪኑ ዕቃ ከወንበሩ ሥር ባስቀመጥኩት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ደብተሩም እዚያው ነበር። እጄን ብሰድ እደርስበት ነበር።

አደንዝዞ ነቀለው። ጎዝ የሚሉትን የቁስል ጨርቅ አስነክሶኝ "ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ጣይው፣ ያልፍልሻል" አለኝ። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ጎዙ ርሶ በአገጬ ይወርዳል። አልጋ ቤት ገብቼ ቀየርኩ፣ ደግሜ ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሙ ሲያየኝ ደነገጠ። "እህቴ፣ ደም አይረጋልሽም እንዴ? የደበቅሽኝ ነገር አለ?" አለኝ። ይኸውላችሁ፣ እግዜር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። እኔ ግን ከዋሸሁ በኋላ መመለሱ አሳፈረኝ። የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ምስኪኑ ልጅ በገዛ ጣቱ ጎዙን ጫን አድርጎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ላቡ ግንባሩ ላይ ይታየኝ ነበር። ወደ ማታ ደሙ ቆመልኝ። ቀዳዳውን አልሰፋውም። ሰፊ ሆኜ ሳለ የተቀደደ ነገር ሳይሰፋ ሲተው "ምነው?" አለማለቴ አሁንም ይገርመኛል። ለኢንፌክሽኑ፣ ለአሜባም የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል የሰባት ቀን፣ ለሕመሙ ደግሞ ዳይክሎፌናክ አዘዘልኝ። እኔም ከዋርፋሪኑ ጋር እያደረግኩ ዋጥኩ።

በማግስቱ አምደወርቅ ገባሁ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ቁስሉ ጠብ አላለም። እብጠቱም ጎደለ። ስፌቴን ጀመርኩ፣ ምላሴም ተመለሰ። ረቡዕ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄድኩ። ሁልጊዜ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው ከባለቤቴ ጋር የምንቆርበው። ሰውነቱ የሚደማ ሰው እንደማይቆርብ ስለማውቅ አስቀድሜ ጠየቅኳቸው።

"ቁስሉ ደርቋል?" አሉኝ።

"ደርቋል አባ። ከዓርብ ወዲህ ደም አላየሁም።"

"ከሆነ ቅረቢ። ሕመም ቢመለስብሽ ግን ንገሪኝ።"

"እሺ" አልኳቸው፤ ቃሌንም ረሳሁት።

ሐሙስ ቆረብን። ሰውነቴ ቅልል ብሎኝ እቤት ገባን። የዕለቱ ጉልባን ተቀቅሎ ይጠብቀናል፤ ስንዴና ባቄላ። ፈንታሁን ቀምሶ ተወ፤ አክፍሎት ሊይዝ ነው፣ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ አይቀምስም። እኔ መድኃኒት ስላለብኝ አላከፍልም፣ በደንብ በላሁ። በጤነኛው በኩል እያኘክሁ ሳለ አንዲት የስንዴ ፍሬ ሾልካ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። በምላሴ ገፋ አደረግኳት። ወዲያው አፌ ሞቀ። ጨው ጨው አለኝ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። በእኛ ዘንድ የቆረበ ሰው በዕለቱ ምራቁን አይተፋም። ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ በአፉ አልፏልና ከአፉ የሚወጣ ነገር መሬት አይወድቅም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ልትፋ ወደ ደጅ ተነሳሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ዋጥኩት። ደግሞ ሞላ። ደግሞ ዋጥኩት። ትንሽ ነው፣ ይቆማል አልኩ። በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ፈንታሁን "ምነው ዝም አልሽ?" ሲለኝ "የሕማማት ሰሞን አይደል፣ አንተም ዝም በል" አልኩት። ያቺን ሌሊት ትራሴን ከፍ አድርጌ ተቀምጬ ስውጥ አደርኩ። እሱ ከጎኔ ነበር። በክርኔ ብነካው ይነቃ ነበር። ፈራሁ፤ የፈራሁት ሞትን አልነበረም፣ "ቆርባ ደም ተፋች" መባልን ነው። ምን ዓይነት ጅልነት ነው በሉኝ።

ዓርብ ስቅለት ነው። የሚደማ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ስለዚህ እውጭ፣ ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ እኔም እሰግዳለሁ። ጎንበስ ስል ደሙ ወደ አፌ ይመጣል፣ ቀና ስል እውጣለሁ። "ኪርያላይሶን" ሲባል ከንፈሬን አልከፍትም። ጆሮዬ ላይ ንብ ሰፈረብኝ። ከጎኔ የነበረችው ሴት "ፊትሽ አመድ መስሏል፣ ተቀመጪ" አለችኝ። በእምቢታ ራሴን ነቀነቅኩ። ከቀትር በኋላ አንዴ ጎንበስ እንዳልኩ ሆዴ ተገለበጠ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ ጥቁር ሆኖ፣ እንደ ቡና አተላ፣ ነጠላዬ ላይና መሬቱ ላይ ወጣ። በእጄ ልሸፍነው ስል በግንባሬ ወደቅኩ።

ከዚያ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። ሴቶች ይጮኻሉ። ፈንታሁን ሰው እየገፋ ሲመጣ ይሰማኛል፤ ሲደነግጥ ኽምጣኛው ይቀድመዋል፣ በአማርኛ የሚጠራኝ ሰው በእናቱ ቋንቋ ስሜን እየጠራ ያለቅሳል። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ለዲያቆን ሰጥተው መሬት ተንበርክከው ደሙ የነካውን አፈር በእጃቸው ሲዝቁ አየሁ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ አልኩ። እየሞትኩ እንኳ የማስበው ይህን ነው።

አምቡላንሱ ወላድ ሊያመጣ ሩቅ ሄዷል አሉ። አንድ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ለምነው ኋላው ላይ ፍራሽ ዘርግተው ወደ ሰቆጣ ይዘውኝ ነጎዱ። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ፈንታሁን ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ ይዞ "ምን ሆነሽ ነው? ምን ዋጥሽ?" ይለኛል። ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። "ለጥርስ ሐኪሙ አልነገርኩትም" አልኩት። "ከትናንት ማታ ጀምሮ እየደማሁ ነው።" በነጠላው ጫፍ አገጬን ጠረገልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ፈንታሁን ደብተሬን ሰጣት። ገልጣ የመጨረሻው ልኬት መቼ እንደሆነ ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። የላብራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ብላ ከክንዴ ደም ቀድታ በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርጋ ከአልጋዬ አጠገብ አቆመችው። "ጤነኛ ደም ሃያ ደቂቃ ውስጥ ይረጋል" አለችን። ሦስታችንም ቱቦዋን እያየን ጠበቅን። ሰዓቷን አየችና አንስታ አዘነበለቻት። ደሜ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ፈንታሁን ያን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

የወሰድኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። "ሜትሮኒዳዞሉ ዋርፋሪኑን ጉልበት ይጨምርለታል" አለችኝ። "አንድ ክኒን እየዋጥሽ ሁለትና ሦስት የዋጥሽ ያህል ሆኖብሻል። ማስታገሻው ደግሞ ጨጓራሽን ልጦታል። የዋጥሽው የጥርስሽን ደም ብቻ አይደለም፣ ሆድሽም ሲደማ ነበር።" ቀዳዳውን አጥባ ደም የሚያቆም መድኃኒት የነካ ጎዝ ጠቅጥቃ ሰፋችው። የዋርፋሪኑን ጉልበት የሚሰብረውን ቫይታሚን ኬ በደም ሥሬ ሰጠችኝ። "አሁን ደም ያስፈልጋታል" አለችው ለፈንታሁን፣ "ቶሎ።"

ደም ከማን ይገኝ? የስቅለት ዓርብ ነው። ከአምደወርቅ አብረውን የመጡት ሦስት ሰዎች ሁሉም አክፋይ ናቸው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። የደም ክፍሉ ባለሙያ "ባዶ ሆድ ሰው ላይ መርፌ አልሰካም፣ እሱንም ላስተኛው ነው?" አለ። ፈንታሁን ወጣ። ባለቤቴ በጾም ነገር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ወባ ይዞት እንኳ ጾም አልፈታም። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ገብቶ ዳቦ በላ፣ ሻይ ጠጣ። ሰው እያየው፣ በስቅለት፣ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ ገባ። ደሙ ተመረመረ። ለእኔ የሚሆን አይደለም።

ሲነግሩኝ አለቀስኩ። እሱ ግን ተመልሶ ወጣና ክርና ዚፕ የምገዛበት የሰቆጣ ነጋዴ፣ ሰይድ ሱቅ ሮጠ። ሰይድ ምሳውን በልቶ የዋለ ነው፤ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ነው የደረሰበት። ወንድሙንም ጎትቶ መጣ። የሁለቱም ሆነልኝ። ሰይድ ከመርፌው ተነስቶ በበሩ ብቅ አለና "ዝናሽ፣ ከዛሬ ወዲያ በክር ዋጋ የምትከራከሪኝ ከሆነ ደሜን መልሺ" አለኝ። መሳቅ አልቻልኩም፣ እጄን ግን አነሳሁለት።

ትንሣኤን ከበሮ ሳልሰማ፣ ጣሪያ እያየሁ አሳለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ቄስ ሞገስ መጡ፤ ከአምደወርቅ ድረስ። ልነሳ ስል በእጃቸው መለሱኝ። ሁሉን ተናዘዝኩ። ምራቄን ላለመትፋት ብዬ እንደዋጥኩ ስነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እንባቸው መጣ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ነጭ ጨርቅ አልነበረሽም? በጨርቅ ተቀብለሽ ብትሰጪኝ እኔ አቃጥለው፣ አመዱንም ከሰው እግር አርቄ እቀብረው ነበር። ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይኸው ነው። ያንን አፈር እንኳ ዝቄ ቀብሬዋለሁ። ማን ዋጪው አለሽ?"

"ማንም አላለኝም አባ።"

"ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?"

ሕይወቴን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቤቴ ከመኪናዬ ሥር የወዳደቀው ነጭ ቅዳጅ ብቻ ትራስ ይሞላል።

ተርፌ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ደሙን ለማቆም ዋርፋሪኑ መቆም ነበረበት። ዶክተሯ ሳትሸሽግ ነግራናለች፦ "ሆድሽ እስኪድን ድረስ መልሼ ልጀምርልሽ አልችልም። በእነዚህ ቀናት ግን ከመርጋት የሚጠብቅሽ ነገር የለም።" በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ በግራ እጄ ይዤ ለፈንታሁን አንድ ደንበኛ እያማሁለት ሳለ ብርጭቆው ወደቀ። "ምነው?" አለኝ። ላነሳው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዓይኔ እያየ የሰው እጅ ሆነብኝ። የተፈራው የረጋ ደም ጭንቅላቴ ደርሶ ግራ ጎኔን ሁሉ ይዞት ነበር። መድኃኒቱ ሊጀመርልኝ ሁለት ቀን ነበር የቀረው።

አፌን አልያዘኝም፣ እግሬም ከወራት በኋላ ተመለሰ። እጄ ግን እስካሁን ግማሽ ነው። ሰዎች "ግራሽ ነው፣ ቀኝሽ ተርፎልሻል፣ ተመስገን በይ" ይሉኛል። ተመስገን እላለሁ። ነገር ግን ስፌት የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ቀኝ እጅ መዘውሩን ያሽከረክራል፤ ጨርቁን ወደ መርፌው የሚመራው ግራ ነው። ገበያ ቀን ደንበኞቼ ጨርቃቸውን አንጠልጥለው በደጄ አልፈው ወደ ሌላ ሰፊ ሲሄዱ አየሁ። ሰላም ይሉኛል፣ ጨርቁን ከኋላቸው ይደብቃሉ። መደበቃቸው ነው ያንገበገበኝ።

በኅዳር ሌላ ጥርስ ተነሳብኝ። በዚያው ወገን፣ ከጎኑ ያለው። ሳቅሁ ብላችሁ ታምናላችሁ? ከዚያ አለቀስኩ። ይህን ጊዜ ከፈንታሁን ጋር ደሴ ድረስ ሄድን። ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ፣ ደብተሬን ዘርግቼ ሁሉን ተናገርኩ። ጥርስ ሐኪሟ ጎልማሳ ሴት ናት፤ አልተቆጣችም፣ አላባረረችኝም። ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋገረች። "መድኃኒትሽን በራስሽ አታቁሚ" አለችኝ፤ ለካስ ለብዙው ሰው ቁጥሩ ልክ ከሆነ ክኒኑን ሳያቆሙ መንቀል ይቻላል። በዋዜማው ደሜ ተለካ፤ ሁለት ነጥብ አራት። ማክሰኞ ጠዋት ነቀለችልኝ፣ ነገር ከመጣ ሙሉ ቀን እንዲኖረን ብላ። ሰፋችው። ደም የሚያቆም ፈሳሽ የነካ ጎዝ አስነከሰችኝ፣ እስከ ከሰዓት ድረስ ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ሁለቴ አየችኝ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ። ሌላ ማንኛውንም ክኒን ሳትጠይቂ እንዳትውጪ አለችኝ። ጠብታ ደም አልወጣኝም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ያችን የላስታ ሴት ነው፤ ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ አልኩ።

ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስ ልቅረብ ወይስ ልቅር ስል ከረምኩ። ፈንታሁን ምንም ሳይናገር ከመኪናዬ አጠገብ ዱካ ስቦ ተቀመጠ። ነጭ ጨርቅ አንስቶ በግራ እጄ ቦታ እሱ ያዘው። "ምሪኝ" አለኝ። እኔ በቀኜ አሽከረክራለሁ፣ እሱ ይገፋል። ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ፤ "አምስተኛ ክፍል ሂሳብ የወደቅከው ለካ መስመር ማስመር ስላቃተህ ነው" አልኩት። አራት ማዕዘን መሀረብ ዘምዝመን አወጣን።

ሐሙስ ቆረብን። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ፣ ሰው ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ደረጃው ላይ አፌ ጨው ጨው አለኝ። ድዴ ነው። አምና የቆምኩበት ዋርካ ፊት ለፊቴ ነበር። የማውቃቸው ሴቶች ግራና ቀኜ አሉ፤ ባለፈው ዓመት ሲጮኹ የነበሩት ናቸው።

መሀረቡን አወጣሁና በሁሉም ፊት ተፋሁበት። ነጩ ላይ ቀይ ወጣ። አንዷ ሴት በእጇ አፏን ያዘች። አጥፌ በሩ ላይ ለቆሙት ለቄስ ሞገስ ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወደ ፈንታሁን ዞርኩ።

"እየደማሁ ነው" አልኩት። "ደብተሩን ያዝ፣ እንሂድ።"